ለጃፓናውያን የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ መጽሐፍ፣ ከሰባት ወር በኋላ ሲታይ

ባለፈው መስከረም በቶኪዮ ጅምቦቾ ከሚባለው የመጻሕፍት ሰፈር ለአማቴ አንድ የኪስ መጽሐፍ ገዛሁ። መጽሐፉ አፋቸውን በጃፓንኛ የፈቱ አዋቂዎች በየዕለቱ የሚነገረውን እንግሊዝኛ፣ በተለይም ፈሊጡን፣ እንዲማሩበት የተዘጋጀ ነው፤ ዋጋው ከነግብሩ 1,650 የን ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ እንደ አገሩ ልማድ «ላልብሰው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝና በሱቁ ወረቀት ሸፍና ሰጠችኝ። በመጽሐፍ ወገብ ዙሪያ የሚጠመጠመውን የማስታወቂያ ወረቀት ጃፓናውያን «ኦቢ» ይሉታል፤ መቀነት ማለት ነው። በዚህኛው መቀነት ላይ «በቀን 10 ደቂቃ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አማቴ ግን በቀን ከአንድ ሰዓት ያላነሰ እየሰጡት ሰባት ወር ቆይተዋል፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ከጎናቸው ስለምቀመጥ፣ ስለ መጽሐፉ የምጽፈው መቀነቱ ከሚለው ይለያል።

የመጽሐፉንም ሆነ የአሳታሚውን ስም አልጠቅስም። በዚያው መደርደሪያ ላይ ከጎኑ የተደረደሩት ሃያ ያህል መጻሕፍት በአሠራራቸው የእሱ መንትዮች ስለሆኑ፣ ምስጋናዬም ወቀሳዬም የአንዱ ብቻ አይደለም። ግምገማውን በአማርኛ የምጽፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። የምንኖረው በቶኪዮ ምሥራቃዊ ክፍል በካትሱሺካ ወረዳ ነው፤ ከዚሁ ወረዳ ዮትሱጊ የሚባለው አካባቢ በከተማዪቱ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው የሚኖሩበት መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ እዚህ የለም። በጃፓን የሚኖር የውጭ አገር ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ወይም የትዳር ዘመድ «እስቲ እንግሊዝኛዬን አዳምጥልኝ» ብሎ መምጣቱ የማይቀር ነው። እንዲህ የተጠየቀ ሰው የትኛውን መጽሐፍ እንደሚመርጥና ከመጽሐፉ ምን እንደሚጠብቅ ቢያውቅ ከብዙ ድካም ይድናል።

አማቴ 68 ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት የምሳ ማእድ ቤት ውስጥ ሠርተዋል፤ አሁን ቅዳሜና እሑድ በሺባማታ ሰፈር፣ በ1629 የተመሠረተውን የታይሻኩተን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለማየት ለሚመጡ የውጭ አገር ጎብኚዎች በበጎ ፈቃድ መንገድ ያሳያሉ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰዋስው አያስቸግራቸውም፤ ኃላፊ ጊዜንና ትንቢትን ከእኔ በተሻለ ይለያሉ። የሚያስቸግራቸው ጎብኚዎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እያንዳንዱን ቃል እያወቁት ንግግሩ ግን ምን ማለት እንደሆነ አለመግባቱ ነው። «አይ አም አንደር ዘ ዌዘር» ያለችን ሴት ዣንጥላ ሊያውሷት ሮጠው ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ዛሬ ደህና አይደለሁም ማለቷ ነበር። መጽሐፉን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው።

መጽሐፉ 1,000 ቃላትና አባባሎች ይዟል። በግራው ገጽ እንግሊዝኛው በጥቁር፣ በቀኙ ገጽ የጃፓንኛ ትርጉሙ በቀይ ቀለም ታትሟል፤ ከሥሩ አንድ አንድ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር አለ። ከኋላው ሽፋን ውስጥ የዕልባት መጠን ያላት ቀይ፣ ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክ ተቀምጣለች፤ ጃፓናውያን «አካ ሺቶ»፣ ቀይ ሉህ፣ ይሏታል። ሉኋ ገጹ ላይ ስትጋደም ነጩ ወረቀት ራሱ ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ቀዩ ጽሑፍ ከወረቀቱ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፤ ጥቁሩ ግን ባለበት ይቀራል። ተማሪው እንግሊዝኛውን አይቶ ትርጉሙን በቃሉ ይላል፣ ከዚያም ሉኋን አንድ መስመር ዝቅ አድርጎ ራሱን ያርማል። ነገሩ ተራ ቢመስልም ብልሃት አለው፤ በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ በአንድ እጁ መያዣውን የጨበጠ ሰው በሌላው እጁ አውራ ጣት ብቻ ፈተና ይፈትናል፣ ያርማልም፤ እርሳስ አያስፈልገውም፣ ድምፅም አያወጣም።

ይህች ሉህ ከጃፓን ተማሪ ቦርሳ የማትጠፋው እንግሊዝኛ በአገሩ ከምንም በፊት የፈተና ጉዳይ ስለሆነ ነው። ኤይከን የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና በ1963 ተጀመረ። ብዙ ኩባንያዎች ለቅጥርና ለዕድገት የሚጠይቁት ቶይክ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1979 የተሰጠው እዚሁ ጃፓን ሲሆን፣ ተፈታኙ በሁለት ሰዓት 200 ጥያቄ ሠርቶ ከ990 ነጥብ ይታረምለታል። አማቴ እንግሊዝኛን አንደኛ ደረጃን ከጨረሱ በኋላ ነበር የጀመሩት፤ የልጅ ልጃቸው ግን ከ2020 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እንደ መደበኛ ትምህርት የምትማረው ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን እስክታጠናቅቅ ከ4,000 እስከ 5,000 ቃላት ይጠበቅባታል። ጉጉቱ ራሱ ግን ከፈተናው ይቀድማል፤ ጦርነቱ ባበቃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በ1945 የወጣች ባለ 32 ገጽ የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጣለች። አማቴም የቀይ ሉህ መጽሐፋቸውን ሲከፍቱ እንደ ተፈታኝ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

መጽሐፉ የሚመሰገንበትን ላስቀድም። ነጠላ ቃላትን ለማስያዝ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ከፈሊጦቹም መካከል ጃፓንኛው ራሱ አቻ ያለው ሲሆን ሉኋ ሥራዋን በሚገባ ትሠራለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀላል ሥራን «ፒስ ኦቭ ኬክ»፣ ቁራሽ ኬክ፣ ይለዋል፤ ጃፓናዊው ያንኑ «አሳመሺ ማኤ» ይለዋል፣ ከቁርስ በፊት የሚያልቅ ለማለት፤ እኛ ውኃ እንደ መጠጣት ነው እንላለን። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚለውን ጃፓንኛው ራሱ ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ «ኢሴኪ ኒቾ» በሚል በአራት የቻይና ጽሑፎች ስለያዘው፣ አማቴ ያንን መስመር ከነአካቴው መሸፈን አላስፈለጋቸውም። አዘጋጆቹ እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ሲመርጡ ተጠበዋል። የሰውነት ክፍል የሚጠራባቸው ሁለት ገጾች በተለይ ደስ ይላሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቅ ሰው በጃፓንኛ «ፊቱ ሰፊ ነው»፣ የተቆጣ ሰው «ሆዱ ቆመ»፣ ምስጢር የማይቋጥር ሰው «አፉ ቀላል ነው» እንደሚባል ያየሁት እዚያ ነው። ሆድን የቁጣና የቅሬታ ማደሪያ ማድረግ ለአማርኛ ተናጋሪ የቤቱ ነገር ስለሆነ፣ ከአማቴ ጋር ያን ምሽት ስለ ሆድ ስንጨዋወት እራት ዘገየ።

ችግሩ የሚጀምረው አቻ በሌለበት ነው። ቀይ ሉህ የምትሠራው በግራ አንድ ነገር፣ በቀኝ አንድ ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ፈሊጥ አንድ አጭር የጃፓንኛ ቃል ማግኘት ግዴታቸው ሆኖባቸዋል፤ ሲጠፋም በግድ አጣብቀዋል። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ አማቴ ከአንድ የውጭ አገር ባልና ሚስት ጋር ወደ ኤዶ ወንዝ ወረዱ። በዚያ ያጊሪ የሚባል፣ እስከ ዛሬ በእጅ እየተቀዘፈ ወደ ማዶ የሚያሻግር ጀልባ አለ። ወደ ወንዙ ለመድረስ የጎርፍ መከላከያውን አፈር ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ሰውዬው አዛውንት ናቸው፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ደረጃው ሥር ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አማቴ ሁለት እጃቸውን ጨብጠው በፍጹም ቅንነት «ብሬክ ኤ ሌግ!» አሏቸው።

ቃል በቃል «እግር ስበር» ማለት ነው። በእኛ አገር እግርህን ይስበረው የሚባለው ለጠላት ነው። መጽሐፉ ግን በቀኙ ገጽ፣ በቀዩ ቀለም፣ «ጋንባቴ» ብሎ ተርጉሞታል፤ «ጋንባቴ» ደግሞ ጃፓናውያን ለሯጭ፣ ለተፈታኝ፣ ለታማሚ፣ ዳገት ለሚወጣ ሁሉ የሚሉት «በርታ፣ አይዞህ» ነው። እንግሊዝኛው የሚባለው መድረክ ላይ ሊወጣ ለተዘጋጀ ተዋናይ ወይም ሙዚቀኛ ነው፤ በከዘራ ለሚሄድ አዛውንት ደረጃ ሥር የሚባል አይደለም። ሰውዬው ከዘራቸውን አዩ፣ ደረጃውን አዩ፣ ከዚያ ከልባቸው ሳቁ። ሚስትየው አልሳቁም። አማቴ ማታ መጽሐፉን ይዘው መጥተው መስመሩን በጣታቸው እያሳዩ «የተጻፈውን ነው ያልኩት» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም፤ በእርግጥም የተጻፈውን ነው ያሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ አማቴ አዲስ ፈሊጥ ባገኙ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ለማን ነው የሚባለው?» ጥያቄው የጃፓናዊ ጥያቄ ነው። ጃፓንኛ «መጣ» ለማለት እንኳ ለጓደኛ «ኪታ»፣ ለሚከበር ሰው «ኢራሻታ» ብሎ ቃሉን ራሱን የሚቀይር ቋንቋ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ «መጣ»ንና «መጡ»ን እንደ መለየት ነው። በዚህ ያደገ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲመጣ አንድ «ዩ» ለሁሉም እንደሚበቃ ይነገረዋል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የአክብሮት ደረጃ የለውም ብሎ ይደመድማል። መጽሐፉም ይህንኑ ያስተምራል፣ ባይናገረውም። እውነቱ ግን እንግሊዝኛ አክብሮትን በግስ ላይ ባያስቀምጠውም በአነጋገር ምርጫ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፈሊጥ ደግሞ የዚያ ምርጫ ዋናው ቦታ ነው። ለወዳጅ ሲባል የሚያስቅ ለአለቃ ሲባል ያሳፍራል፣ ለሐዘንተኛ ሲባል ያስነውራል።

ለዚህ ገጽ 212ን እጠቅሳለሁ። «ኪክ ዘ በኬት» የሚለው አባባል፣ ባልዲውን ረገጠ ማለት ነው፣ በቀኙ ገጽ «መሞት» ተብሎ ብቻ ተተርጉሟል። አማርኛ «አረፉ»፣ «ሞተ»፣ «ክልትው አለ» የሚሉት ሦስቱ አንድ ነገር ሆነው ሳለ አንድ እንዳልሆኑ ሕፃንም ያውቃል፤ እንግሊዝኛው «ክልትው አለ» ለሚለው ይቀርባል። ጃፓንኛውም ለሚከበር ሟች «ናኩናሩ» የሚል ለስላሳ ቃል አለው። አማቴ በቤተ መቅደሱ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ አንድ ጎረቤት ማረፋቸውን ለጎብኚዎች ለመንገር ይህን አባባል በካርድ ጽፈው ሲለማመዱ ስላገኘኋቸው፣ በጊዜው ለመከልከል ቻልኩ። አንዲት ትንሽ ምልክት፣ «ለቅርብ ሰው ብቻ» ወይም «ለቀልድ» የምትል፣ በመስመሩ ዳር ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አምስት መቶ ከሚሆኑት ፈሊጦች እንዲህ ያለ ምልክት ያለው አንድም የለም፤ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

መፍትሔውን ያገኙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በጃፓን በ100 የን ሱቅ ከነግብሩ በ110 የን የሚሸጡ፣ ጥጋቸው ተበስቶ በብረት ቀለበት የታሰሩ ትንንሽ የቃል ካርዶች አሉ። ተማሪዎች በፊት ለፊቱ እንግሊዝኛውን፣ በጀርባው ትርጉሙን ይጽፋሉ። አማቴ ግን በፊት ለፊቱ ቃል መጻፍ አቆሙና ሰውና ሁኔታ መጻፍ ጀመሩ፤ «ሥራ ጨርሰን ልንለያይ ነው፣ ከእኩዮቼ ጋር»፣ «ሰዎቹ ገና አልተዋወቁም፣ ዝም ብለዋል»፣ «ከእኔ የሚበልጡ ሰው ሳያስቡት ምስጢር አወጡ»። በጀርባው የሚባለውን ይጽፋሉ፤ ለመጀመሪያው «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ»፣ ለሁለተኛው «ብሬክ ዘ አይስ»። ሦስተኛው ካርድ ጀርባው ባዶ ነው፤ «ስፒል ዘ ቢንስ» የሚለውን ለሚበልጣቸው ሰው ለመናገር ስላልደፈሩ ዝም ማለትን መርጠዋል። ያን ባዶ ካርድ ከቀለበቱ አላወጡትም። ይህን ዘዴ መጽሐፉ ራሱ ቢጠቀምበት ኖሮ ቀይ ሉኋ ትርጉምን ከመሸፈን ይልቅ አባባልን ትሸፍን ነበር፤ የማተሚያ ወጪውም አይጨምርም።

ስለ አነባበቡም ልናገር። ከእያንዳንዱ እንግሊዝኛ በላይ ጃፓናውያን የውጭ ቃል በሚጽፉበት በካታካና ፊደል አነባበቡ ተጽፏል፤ ለጀማሪ የታሰበ ደግነት ቢሆንም ጉዳቱ ያመዝናል። በካታካና ከ«ን» በቀር አናባቢ የሌለው ፊደል የለም። እኛ «ስትራይክ» ብለን ስንጽፍ ሳድሳችን ያለ አናባቢ ቆሞ ያነባልናል፤ ካታካና ግን «ሱ-ቶ-ራ-ኢ-ኩ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚባለውን ቃል በአምስት ምት ይከፋፍለዋል። ማክዶናልድ የሚለውም «ማ-ኩ-ዶ-ና-ሩ-ዶ» ሆኖ ስድስት ይደርሳል። «ራ»ና «ላ» በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ብርሃን ማለት የሆነው «ላይት»ና ቀኝ ማለት የሆነው «ራይት» ሁለቱም «ራይቶ» ናቸው፤ መንገድ ለሚያሳይ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከወረቀት ይልቅ ጆሮ እንደሚሻል ጃፓናውያን ራሳቸው የሚያውቁት አንድ ጨዋታ አለ፤ «ዋት ታይም ኢዝ ኢት ናው» የሚለውን በፍጥነት ለማለት «ሆታ ኢሞ ኢጂሩና» በል ይላሉ፤ የቆፈርከውን ድንች አትነካካ ማለት ነው። አማቴ ይህን በሳቅ ሲሉት ካታካናውን እያነበቡ ከሚሉት ይልቅ የሚሰማ እንግሊዝኛ ይወጣቸዋል።

የድምፅ ቅጂው በስልክ መተግበሪያ የሚሰማ ነው። የሚያነቡት ሰዎች ጥሩ ናቸው፤ ፍጥነታቸው የሰው ፍጥነት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛውና በትርጉሙ መካከል ያለው ፋታ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ በእድሜ የገፋ ተማሪ አስቦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣበታል፤ ፋታውን ማስረዘሚያም የለም። በጥር ወር መተግበሪያው ሲታደስ አማቴ ምልክት ያደረጉባቸው 300 ያህል መስመሮች ጠፍተዋል። ለአሳታሚው በጻፍንበት ደብዳቤ በጣም ትሑት የሆነ ይቅርታ መጣልን፤ መስመሮቹ ግን አልተመለሱም።

በመጽሐፉ መጨረሻ፣ ከማውጫው በፊት፣ አራት ገጽ ብቻ የተሰጠው ክፍል አለ፤ ለእኔ ከቀረው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የሚያትተው «ዋሰይ ኤይጎ» ስለሚባሉት፣ ጃፓን ውስጥ ስለተሠሩ የእንግሊዝኛ መሰል ቃላት ነው። «ማንሽን» በእንግሊዝኛ የባለጸጋ ግዙፍ ቤት ሲሆን በጃፓን ተራ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ነው። «ክሌም» በጃፓን አቤቱታ ነው፤ «ካኒንግ» የፈተና ኩረጃ ነው፤ «ስማርት» ሸንቃጣ ነው እንጂ ብልህ አይደለም፤ «ሀይ ቴንሽን» የተደሰተ ሰው እንጂ የኤሌክትሪክ መስመር አይደለም። እንደፈለጉ አንስቶ የሚበላበት ገበታ «ባይኪንግ» የተባለው በ1958 አንድ የቶኪዮ ሆቴል ይህን አገልግሎት ሲጀምር በሰጠው ስም የተነሣ ነው። ጃፓናዊ እነዚህን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስለሚያምን መዝገበ ቃላት አይገልጥባቸውም፤ የማያውቀውን ቃል ይጠይቃል፣ የሚያውቀውን የመሰለውን ግን በድፍረት ይናገራል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ወደ ታይሻኩተን በሚያስገባው የሱቆች መንገድ ላይ ነው። ሰፈሩ በእንጨት ላይ ተሰክቶ ወይም አንኮ በሚባል ጣፋጭ የባቄላ ልት ተቀብቶ በሚሸጥ «ዳንጎ» በሚባል የሩዝ ዱቄት ድብልብል ይታወቃል። አንዲት ባለ ሱቅ ሁለት ዳንጎ ለገዙ ወጣቶች አንድ ጨምራ ስትሰጥ አማቴ ሊያስረዱላት ፈልገው «ዲስ ኢዝ ሰርቪስ» አሉ። በጃፓንኛ «ሳቢሱ» ማለት በነጻ፣ የምርቃት ማለት ነው። ልጆቹ ግን የአገልግሎት ክፍያ የተጠየቁ መስሏቸው ቦርሳቸውን ከፈቱና ሳንቲም መቁጠር ጀመሩ፤ ባለ ሱቋ እጇን እያወዛወዘች «ሳቢሱ፣ ሳቢሱ!» ባለች መጠን እነሱ ሳንቲም ይጨምራሉ። እኔ ደርሼ «ምርቃት ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ እስክነግራቸው ድረስ ጠረጴዛው ላይ 400 የን ተከምሮ ነበር። ይህ ቃል በመጽሐፉ አለ፤ ያለው ግን ገጽ 309 ላይ ነው፤ አማቴ ያኔ የደረሱት ገጽ 140 ነበር። መጽሐፉን የሚገዛ ሰው ከመጨረሻው አራት ገጽ እንዲጀምር አጥብቄ እመክራለሁ።

የቃላት ምርጫውም የአሜሪካ ግቢ ይሸታል። የዕቃ ማጠቢያ መኪና፣ የመኪና ማቆሚያ ግቢ፣ የሣር ማጨጃ፣ እያንዳንዱ ምግብ ይዞ የሚመጣበት ግብዣ አሉ፤ ጃፓናዊ ስለ ራሱ ቀን ለመናገር የሚፈልጋቸው የጫማ ማውለቂያ ደጃፍ፣ የቆሻሻ መለያ ቀን፣ የዝናብ ወራት ግን የሉም። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ታዋቂ የእንጨት ቅርጻ ቅርጾች ለማስረዳት አማቴ የተጠቀሙባቸው ቃላት በሙሉ ከዚህ መጽሐፍ ውጪ የመጡ ናቸው።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ ኤንኤችኬ በሳምንቱ የሥራ ቀናት የሚያስተላልፈው የ15 ደቂቃ የሬዲዮ እንግሊዝኛ ትምህርት በፈሊጥ ረገድ ይበልጣል። አባባሉ ሁልጊዜ በሁለት ሰዎች ንግግር መካከል ስለሚመጣ ማን ለማን እንዳለው ይታወቃል፤ የወሩ መማሪያ መጽሐፍም በየመጻሕፍት መደብሩ ይገኛል። በጃፓን እንግሊዝኛ በሬዲዮ መሰጠት የጀመረው ሬዲዮ ራሱ በተጀመረበት በ1925 ስለሆነ፣ የዚህ ሙያ ሰዎች ልምዱ አላቸው። የሬዲዮው ጉድለት ቀይ ሉኋ የምትሰጠውን ድግግሞሽ አለመስጠቱ ነው። አማቴ አሁን ጠዋት ሬዲዮውን ይሰማሉ፣ የሰሙትን በካርድ ይጽፋሉ፣ መጽሐፉን ደግሞ ለነጠላ ቃላት ብቻ በባቡር ውስጥ ያነቡታል፤ በዚህ አኳኋን 1,650 የኑ የሚያስቆጭ አይደለም።

ለእኛ ለራሳችን ደግሞ መጽሐፉ አዘጋጆቹ ያላሰቡት ጥቅም አለው። እንግሊዝኛውን የሚያውቅና ጃፓንኛ የሚማር ሐበሻ ሉኋን አስቀምጦ ቀዩን ጃፓንኛ ቢሸፍን፣ ከየትኛውም ለውጭ አገር ሰው ከተዘጋጀ የጃፓንኛ መጽሐፍ ያላገኘሁትን ሕያው የጃፓንኛ ፈሊጥ ያገኛል። ከሥራ የተባረረ ሰው «አንገት ሆነ»፣ ጊዜ ያጣ ሰው «የድመት እጅ እንኳ ቢሆን ልዋስ» እንደሚል የተማርኩት እንዲህ ነው። መሰናክሉ የቻይና ጽሑፎቹ አነባበብ ከላያቸው አለመጻፉ ነው፤ መጽሐፉ ለአዋቂ ጃፓናዊ የታሰበ ስለሆነ ለእንግሊዝኛው ያደረገውን ደግነት ለጃፓንኛው አላደረገም። ከሁለት ሺህ የሚበልጡትን የዕለት ተዕለት ጽሑፎች ገና ያላወቀ ሰው አጠገቡ የሚያነብለት አማት ያስፈልገዋል።

ጅምቦቾ ሄዶ ያገለገለ ቅጂ በግማሽ ዋጋ ማግኘት ይቻላል፤ ከመክፈል በፊት ግን የኋላውን ሽፋን ገልጦ ቀይ ሉኋ መኖሯን ማየት ያሻል፤ ከመጽሐፉ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። ብትጠፋም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ለብቻዋ ትሸጣለች። የመጀመሪያው ባለቤት በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረበት ቅጂ ከተገኘ ደግሞ መተው አይገባም፤ ሉኋ ስትጋደም መስመሩም አብሮ ይጠፋል።